አቅርባችሁ ከወረዳችሁ በኋላ፦ የቡድን ገለጻን መልሶ የመመርመሪያ መንገድ

በጅማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቡድን ሥራ የማይሰጥበት ሴሚስተር እምብዛም አይገኝም። አምስት ስድስት ተማሪዎች ይመደባሉ፣ ርዕስ ይሰጣቸዋል፣ ቻርት ይጽፋሉ ወይም ስላይድ ያዘጋጃሉ፣ ከዚያም ሰሌዳው ፊት ተሰልፈው ተራ በተራ ያስረዳሉ። ይጨበጨባል፤ መምህሩ ነጥብ ይይዛሉ፤ ቀጣዩ ቡድን ይጠራል። ብዙው ተማሪ ጉዳዩን እዚያው ይዘጋዋል። እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ ብዙ የተለፋበት ሥራ ዋነኛ ትምህርቱ የሚገኘው ከመድረክ ከተወረደ በኋላ ነውና።

ይህ መመሪያ ያንን የቀረውን ትምህርት ለመልቀም ነው። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ብቻችሁን ግማሽ ሰዓት ያህል፣ ከቡድናችሁ ጋር ደግሞ አንድ ሰዓት ነው። ለመምህሩ የሚሰጥ ጽሑፍ ባትጠየቁም ሥሩት።

አስቀድሜ አቋሜን ልናገር። የቡድን ገለጻ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው አንድ ሰው ስለሰነፈ አይደለም። የሚበላሸው በሰውና በሰው መካከል ነው፤ አንዱ ጨርሶ ሌላው በሚጀምርበት ቦታ። ስለዚህ ከታች ካሉት ደረጃዎች ሁሉ ሦስተኛውን አብልጣችሁ ያዙት፤ ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን አሳጥሩ እንጂ እርሱን አትዝለሉት።

ለማስረዳት እንዲመቸኝ አንድ ቡድን በምሳሌነት አብሮን ይሂድ። አምስት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ ርዕሳቸው በጅማ አካባቢ ቡና ከእሸት እስከ ገበያ እንዴት እንደሚዘጋጅ ነው። አንደኛዋ ስለ ለቀማ፣ ሁለተኛዋ በደረቁ ስለሚዘጋጀው ቡና፣ ሦስተኛው ስለ ታጠበ ቡና፣ አራተኛው ስለ ገበያው ተናግረዋል፤ አምስተኛው ማጠቃለያ ሰጥቶ ጥያቄ ተቀብሏል።

ደረጃ 1፦ በዚያው ቀን፣ ብቻችሁን፣ የሆነውን ጻፉ

ወደ ቤት ስትገቡ፣ ከእራት በፊት ይሁን። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ራሱ እየሸመደደ ያደረገውን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1885 አሳትሟል። ያገኘው ነገር፣ መርሳት ከቀን ቀን በእኩል መጠን የሚሄድ ሳይሆን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅግ ፈጣን፣ በኋላ ግን ቀርፋፋ መሆኑን ነው። እናንተም ነገ ጠዋት የምታስታውሱት "ጥሩ ነበር" ወይም "ደንግጬ ነበር" የሚለውን ብቻ ይሆናል። ዝርዝሩ ግን ዛሬ ማታ ገና አብሯችሁ ነው።

ብቻችሁን የምላችሁም በምክንያት ነው። አምስታችሁ ከክፍል ወጥታችሁ ገና በር ላይ ስትደርሱ ከመካከላችሁ ድምፁ የሚሰማው ልጅ "ያበላሸብን ፕሮጀክተሩ ነው" ካለ፣ ከዚያ በኋላ ሁላችሁም የምታስታውሱት ፕሮጀክተሩን ነው። ጽሑፉ ከዚህ ወሬ ሲቀድም የየራሳችሁ ዓይን ያየው ይተርፋል።

ስትጽፉ አትፍረዱ፤ ቅደም ተከተሉን ብቻ አስፍሩ። ማን ከማን ቀጥሎ ተናገረ? ክፍሉ የጎላ ጸጥታ የያዘው መቼ ነው? ማጉረምረም የተጀመረውስ? መምህሩ ቀና ብለው ያዩት ወይም ወደ ሰዓታቸው የተመለከቱት ምን ሲባል ነው? ማን ምን ጠየቀ፣ ማን መለሰ? "ሁለተኛዋ ስትናገር ቻርቱ ከአንድ ጎኑ ተላቆ ወደቀ፤ አራተኛው ሄዶ ያዘው፤ እስኪያስተካክለው ዝም አለች" የሚል ዓረፍተ ነገር "አቀራረባችን ችግር ነበረበት" ከሚለው አሥር እጥፍ ይጠቅማችኋል።

ደረጃ 2፦ የሆነውንና የተሰማችሁን ለዩ

ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራ "የሆነው"፣ በቀኝ "የተሰማኝ" ብላችሁ ጻፉ። "ድምፄ ተንቀጠቀጠ" የሚለው በየትኛው ወገን ይገባል? ሰምታችሁት ነው ወይስ የተንቀጠቀጠ መስሏችሁ? ይህን መለየት ቀላል አይደለም፤ ግን ለብዙ ዓይነ አፋር ተማሪ ትልቅ እፎይታ የሚሰጠው እዚህ ላይ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ጊሎቪችና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጡት ጥናት፣ ሰዎች ውስጣዊ ስሜታቸው ከእውነቱ በላይ ለሌሎች የሚታይ እንደሚመስላቸው አሳይተዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ኬኔት ሳቪትስኪና ጊሎቪች ይህንኑ በአደባባይ ንግግር ላይ ሞክረውት፣ ተናጋሪዎቹ ፍርሃታቸው ያሰቡትን ያህል እንደማይታይ አስቀድሞ ሲነገራቸው የተሻለ ንግግር አደረጉ። ጉልበታችሁ ሲብረከረክ ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ልጅ አላየውም። ልባችሁ ሲመታ አልሰማውም። የሚያየው ወረቀቱ ፊታችሁን ሲሸፍን፣ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ከስላይዱ ስታነቡ ነው። ስለዚህ በቀኝ ዓምድ ያለውን አክብሩት፤ እውነተኛ ስሜታችሁ ነው። ለሚቀጥለው ጊዜ የምታስተካክሉትን ግን ከግራው ዓምድ ውሰዱ።

አንዱ የቡድናችሁ ልጅ ወይም ጓደኛችሁ በስልክ ቀርጿችሁ ከሆነ ደግሞ እድለኞች ናችሁ። ቅጂውን ሁለት ጊዜ ተመልከቱት። መጀመሪያ ድምፁን አጥፉና እዩ፤ ማን የት እንደቆመ፣ ዓይን ወዴት እንደሄደ፣ እጅ ምን እንደሠራ ያኔ ይታያል። ቀጥላችሁ ስልኩን ገልብጡና ድምፁን ብቻ ስሙ፤ ፍጥነቱና የተዋጡት ቃላት ይሰማሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ያየ ሰው ከራሱ ፊት ሌላ ምንም አያይም።

ደረጃ 3፦ መቀባበያዎቹን አንድ በአንድ መርምሩ

አምስት ተናጋሪ ያለው ገለጻ አራት መቀባበያ አለው። በደብተራችሁ ላይ የአምስታችሁን ስም በአንድ መስመር ጻፉና በየመካከሉ ቀስት አድርጉ። ከዚያ በየቀስቱ ሥር ሦስት ነገር አስፍሩ፦ የጨረሰው ሰው የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር? የቀጠለው ሰው የመጀመሪያ ቃሉስ? በሁለቱ መካከል አድማጩ ምን አየ?

የቡና ቡድናችንን እንውሰድ። ሁለተኛዋ ተናጋሪ "…ከዚያም የደረቀው ጀንፈል ይፈለፈላል፤ አመሰግናለሁ" ብላ ጨረሰች፤ ጀንፈል ከነልጣጩ የደረቀው የቡና ፍሬ ነው። ሦስተኛው "እኔ የማቀርበው ስለ ታጠበ ቡና ነው" ብሎ ጀመረ። በመካከሉ እስክሪብቶ ተቀባበሉ፣ አንዱ ገባ፣ አንዷ ወጣች። ሁለቱም የየድርሻቸውን አሳምረው ያውቃሉ። ክፍሉ ግን ሁለቱ ከአንድ ቀይ እሸት እንደሚነሱ፣ መንገዱ የሚለያየው ከለቀማ በኋላ መሆኑን አልሰማም። በአንደኛው መንገድ ፍሬው ከነልጣጩ ይደርቃል። በሌላው ልጣጩ ይገፈፋል፣ ፍሬው በራሱ ሙጫ ውስጥ ይብላላል፣ ይታጠባል፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ እስኪወርድ ይገላበጣል። ይህን ልዩነት የምትሸከመው ዓረፍተ ነገር የማንም ድርሻ አልነበረችም። ሁለተኛዋ የእርሱ ናት ብላ ተወቻት፤ ሦስተኛው ደግሞ የእርሷ ናት ብሎ። ገለጻው አምስት ትንንሽ ገለጻዎች የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "እርሷ ያሳየችን ፍሬው ከነልጣጩ ሲደርቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ያንኑ እሸት ገፍፈን ብናጥበው ምን እንደሚሆን አሳያችኋለሁ።" በምርመራችሁ ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ ቀስት ያልተባለችውን ዓረፍተ ነገር አሁን ጻፏት። ገለጻው አልፏል አትበሉ። ይህን አራት ጊዜ የጻፈ ተማሪ በሚቀጥለው ርዕስ ላይ ሳይነገረው ያስባታል።

በመቀባበያዎቹ ላይ ሌሎች ሦስት ነገሮችም ይደበቃሉ።

የመጀመሪያው የቃላት አለመስማማት ነው። አንዷ "ያልታጠበ ቡና" ትላለች፣ ሌላው "ደረቅ ዝግጅት" ይላል፣ ስላይዱ ላይ ደግሞ በእንግሊዝኛ ሌላ ስም ተጽፏል። እናንተ አንድ ነገር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ አድማጩ ሦስት ነገር መሰለው። ከጽሑፋችሁ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቃላትን ፈልጋችሁ አስምሩባቸው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። አሥራ አምስት ደቂቃ ለአምስት ሰው ሦስት ሦስት ደቂቃ ይደርሳል። የመጀመሪያዋ ስድስት ደቂቃ ከወሰደች ዋጋውን የሚከፍለው አምስተኛው ነው፤ ሲንተባተብ የታየውም እርሱ ነው፤ በኋላ "አምስተኛው አልተዘጋጀም" ይባላል። ይህ ፍርድ በደል ነው። ደቂቃውን በየስሙ ሥር ጻፉና ከየት እንደተበደረ ተከተሉት።

ሦስተኛው የማይናገሩት ናቸው። አንዱ ሲናገር የቀሩት አራቱ ምን ያደርጉ ነበር? ግድግዳ ተደግፈው የሚንሾካሾኩ፣ የራሳቸውን ወረቀት የሚሸመድዱ ከሆነ፣ ክፍሉ ተናጋሪውን ትቶ እነርሱን ያያል። የቡድኑ አባላት ካልሰሙት ሌላው ለምን ይስማው?

ማክስ ሪንገልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ሥራ፣ ገመድ የሚስቡ ሰዎች ቁጥራቸው በጨመረ መጠን የእያንዳንዳቸው ጉልበት እንደሚቀንስ ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ሁለት ምክንያት ለዩ፤ አንዱ ሰው በሌላው ተማምኖ መለገሙ ሲሆን፣ ሌላው ሁሉም እየሳቡም በአንድ ቅጽበት አለመሳባቸው ነው። በትምህርት ቤት ስለ መለገሙ ብዙ እናወራለን። ሁለተኛውን ግን ስም እንኳ አልሰጠነውም። አምስት ትጉሃን ተማሪዎች ያዘጋጁት ገለጻ ሊፈርስ የሚችለው በዚህ በሁለተኛው ነው።

ስለ ዝናብና ስለ መብራት አንድ ነገር ልጨምር። ጅማ ዝናባማ ናት፤ በግንቦትና በሰኔ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ መውረድ ሲጀምር ከሁለተኛው ረድፍ ወዲያ የሚሰማ የለም። መብራትም በገለጻ መካከል ይጠፋል። እነዚህ በእጃችሁ አይደሉም። ነገር ግን በጽሑፋችሁ "ዝናብ ስለጣለ አልተሳካም" ብላችሁ አትዝጉት። ዝናቡ ሲጀምር ምን አደረጋችሁ? ተናጋሪው ወደ ክፍሉ መካከል ገባ ወይስ እዚያው ሰሌዳው ሥር ቀረ? ዋና ዋና ነጥቦቹ በቻርት ተጽፈው ነበር ወይስ ሁሉም ነገር ስላይዱ ውስጥ ነበር? የእናንተ ድርሻ ያለው በዚህ ምላሽ ውስጥ ነው።

ደረጃ 4፦ የተደናቀፋችሁበትን ቦታ በሁለት መድቡ

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ገለጻውም በእንግሊዝኛ ይቀርባል። ቤታቸው አማርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚናገሩ ልጆች በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋ ቆመው እንደሚያስረዱ አንዘንጋ፤ ይህ ራሱ ምስጋና የሚገባው ድፍረት ነው። ችግሩ ብዙዎች ጽሑፉን ቃል በቃል መሸምደዳቸው ነው። በቃል የተያዘ ጽሑፍ አንድ ቃል ሲጠፋው የቀረው ሁሉ ይቆማል።

ስለዚህ የቆማችሁበትን እያንዳንዱን ቦታ አስታውሱና ጠይቁ፦ የጠፋኝ ቃሉ ነበር ወይስ ሐሳቡ? መፈተኛው ቀላል ነው። ያንኑ ክፍል ቤት ውስጥ ለታናሽ እህታችሁ ወይም ለጎረቤት ልጅ ያለ ወረቀት፣ በለመዳችሁት ቋንቋ አስረዱ። ከወረደላችሁ ሐሳቡ አላችሁ፤ የጎደላችሁ ጥቂት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸውና በሚቀጥለው ጊዜ ቁልፍ ቃላቱን በትንሽ ካርድ ይዛችሁ ውጡ። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ካልወረደላችሁ ግን ነገሩ አልገባችሁም፤ የእንግሊዝኛ ጉዳይ አይደለም፤ ወደ መጽሐፉ ተመለሱ።

ይህን የግል ምርመራም በምታስቡበት ቋንቋ ጻፉት። መምህሩ በእንግሊዝኛ ከፈለጉት ኋላ ትተረጉሙታላችሁ።

ደረጃ 5፦ በሦስት ቀን ውስጥ ተሰብሰቡ

ከሦስት ቀን በላይ ከቆየ ስብሰባው አይሆንም፤ ሌላ አሳይመንት ይመጣል። አንዱ ሄርማታ፣ ሌላዋ ቦሳ ቂጦ የምትኖር ከሆነ ከትምህርት በኋላ እዚያው ግቢ ውስጥ መቀመጥ ይሻላል። ከቡድናችሁ የአንዱ ቤት ቅርብ ሆኖ እናት ቡና ካፈሉላችሁ ደግሞ ሰዓቱን ቡናው ያካፍላችሁ፤ በአቦሉ እያንዳንዱ የጻፈውን ያንብብ፣ በቶናው ተወያዩ፣ በረካው ሲመጣ ወስኑ። በስብሰባ ላይ ውሳኔ ሳይያዝ መበተን የተለመደ በመሆኑ ይህ ክፍፍል ይረዳል።

ሲነበብ ማንም ጣልቃ አይግባ። አምስቱም ካነበቡ በኋላ ብቻ ንግግር ይጀመር። ያን ጊዜም ዓረፍተ ነገሩ ከራስ ይነሣ። "አንቺ ቶሎ ጨርሰሽ አጋለጥሽኝ" ማለት ሌላ ነው፤ "አንቺ ስትጨርሺ እኔ ገና ወረቀቴን እየፈለግሁ ነበር፤ መጨረሻሽ የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም" ማለት ሌላ ነው። የመጀመሪያው ጠብ ያመጣል። ሁለተኛው ግን መቀባበያውን ያሳያል፤ ሁለታችሁም ልታስተካክሉት ትችላላችሁ። ያልመጣ ልጅ ካለ ስለ እርሱ አትናገሩ።

"ማን ምን ያህል ሠራ" የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ ስለዚህ እናንተ ቅደሙት። እያንዳንዱ ሰው በቁራጭ ወረቀት "ከጠቅላላው ሥራ የእኔ ድርሻ ይህን ያህል በመቶ ነው" ብሎ ሳያሳይ ይጻፍ። ከዚያ ደምሩ። ድምሩ ከመቶ ቢያልፍ አትገረሙ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ማይክል ሮስና ፊዮሬ ሲኮሊ እ.ኤ.አ. በ1979 ባልና ሚስቶችን ስለ ቤት ውስጥ ሥራ ድርሻቸው ሲጠይቁ የሁለቱ ድምር ከመቶ በላይ ሲሆን አይተዋል፤ ሰው የራሱን ሥራ በቅርብ ስለሚያየው በብዛት ያስታውሰዋል። በእናንተም ላይ ይህ ከሆነ የዋሸ የለም። ወረቀቶቹን ካያችሁ በኋላ ማንም ያላያቸውን ሥራዎች ዘርዝሩ፦ ቻርት ወረቀቱን ማን ገዛ? ፎቶ ኮፒ ቤት የተሰለፈው ማን ነው? ከአጎቱ ጋር ቡና ማጠቢያ ሄዶ ፎቶ ያነሣው? ጽሑፏ ስለሚያምር ሌሊት ሙሉ ቻርት የጻፈችው?

በእርግጥ ያልሠራ ልጅ ካለስ? ይኖራል፤ "አንድ ለአምስት" ተብለን ስንደራጅ አንዱ ለአምስቱ ሲሠራ ያየ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ያኔም ሰውየውን ትታችሁ ሥራውን ጥሩት። "ምን ልትሠራ ነበር የተስማማነው? በየትኛው ቀን? ማን አስታወሰህ?" በዚህ ጥያቄ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው፣ ለዚያ ልጅ በግልጽ የተሰጠው ነገር እንዳልነበረ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢብ ላታኔና ባልደረቦቹ በጩኸት ባደረጉት ሙከራ፣ ሰዎች የየራሳቸው ድርሻ ተለይቶ እንደሚታወቅ ሲያምኑ መለገማቸውን አቆሙ። ስም የተጻፈበት ሥራ ይሠራል። እንዲህም ተደርጎ ያልሠራ ከሆነ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ገና ከመነሻው ለመምህሩ ንገሩ፤ ነጥብ ከተያዘ በኋላ አይደለም።

እዚህ ላይ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ድርሻችሁን ስትመረምሩ ሴቶቹ የቡድኑ አባላት ምን እንደተሰጣቸው እዩ። ብዙ ጊዜ የማየው፣ ርዕሱን ማስተዋወቅና በመጨረሻ ማመስገን ለልጃገረድ፣ ጥያቄ መመለስ ለወንድ ሲሰጥ ነው። በቡና ቡድናችንም ጥያቄ የተቀበለው አምስተኛው ነበር፤ ስለ ጀንፈል ከሁሉ በላይ የምታውቀው ግን ሁለተኛዋ ናት፤ ከኋላ ቆማ ዝም አለች። ይህን የወሰነው ማን ነው? በግልጽ ተወስኖ ነበር ወይስ እንዲሁ ሆኖ ተገኘ? እንዲሁ ሆኖ ከተገኘ ጻፉት፤ ለሚቀጥለው ገለጻም ጥያቄውን የሚመልሰው ያንን ክፍል ያዘጋጀው ሰው እንዲሆን ተስማሙ።

ደረጃ 6፦ ከቡድኑ ውጭ ሁለት ሰው ጠይቁ

"እንዴት ነበርን?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ "አሪፍ ነበራችሁ" ይሏችኋል፤ ይሉኝታ አለና። "ከእኛ ገለጻ ምን ታስታውሳለህ?" በሉ። መልሱን ሳታርሙ ጻፉት። ያስታወሰው እናንተ ዋናችን ያላችሁትን ካልሆነ፣ ከምንም ትችት በላይ ተናግሯል።

መምህሩንም በእረፍት ሰዓት ጠይቁ፤ ስለ ነጥቡ ግን አይሁን። "መምህር፣ ገለጻችን ያልተያያዘ ሆኖ ያገኙት የትኛው ቦታ ላይ ነው?" የሚል ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ተማሪ በመምህር ዘንድ ይከበራል፤ መልሱም የተወሰነ ይሆናል።

ደረጃ 7፦ አንድ ለውጥ ብቻ ምረጡ

ዝርዝራችሁ ረጅም ይሆናል። ሁሉንም እናስተካክል ያለ ቡድን አንዱንም አያስተካክልም። አንዱን ብቻ መርጣችሁ፣ መደረጉና አለመደረጉ በሚታወቅበት መልክ ጻፉት። "በሚቀጥለው በደንብ እንዘጋጃለን" የሚለው መቼ እንደተፈጸመ ማንም አያውቅም። "ሊቀርብ ሁለት ቀን ሲቀረው አምስታችንም ቆመን፣ ሰዓት ይዘን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንለማመዳለን፤ የመቀባበያዎቹን ዓረፍተ ነገሮች ሁለት ሁለት ጊዜ እንላለን፤ ሰዓት የምትይዘው ሁለተኛዋ ናት" ከተባለ ግን ቀኑ ሲደርስ ይታወቃል።

መምህሩ በጽሑፍ አቅርቡ ካሉ

ሐሳቡ ቀድሞ ስላለቀ ይህ ቀላል ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት የትምህርት ባለሙያው ግሬሃም ጊብስ እ.ኤ.አ. በ1988 ያቀረበው፣ ስድስት እርከን ያለው ልምድን መልሶ የመመርመሪያ ዑደት ነው፦ የሆነው፣ የተሰማኝ፣ ጥሩውና መጥፎው፣ ለምን እንደዚያ ሆነ፣ የደረስኩበት መደምደሚያ፣ ቀጣዩ እርምጃዬ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በደረጃ 1 እና 2 ተጽፈዋል፤ የመጨረሻው ደረጃ 7 ነው። ነጥብ የሚሰጠውም የሚነጠቀውም "ለምን እንደዚያ ሆነ" በሚለው ላይ ነው፤ እርሱን ከደረጃ 3 አምጡት። ብዙ ተማሪ ገጹን በሙሉ "የሆነው" ይሞላበትና ለምክንያቱ ሁለት መስመር ይተውለታል። ገልብጡት።

ሦስተኛው ተናጋሪ ቢጽፍ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"ስለ ታጠበ ቡና ስጀምር ከፊት የተቀመጡት ልጆች የቀደመውን ቻርት እያዩ ነበር። በዚያን ጊዜ አልሰሙኝም ብዬ ተናደድኩ። ጽሑፌን ከሁለተኛዋ ጽሑፍ ጋር ሳስተያይ ግን፣ የእርሷ ቻርት የሚያሳየው የደረቀውን ጀንፈል እንደሆነና እኔ ስለ ሌላ መንገድ እንደምናገር አንዳችንም እንዳልነገርናቸው አየሁ። ልጆቹ ቻርቱን ያዩት እኔ ስለ እርሱ የምናገር መስሏቸው ነው። ሁለታችንም የየራሳችንን ክፍል ለየብቻ ስለተለማመድን ይህ ቀዳዳ አልታየንም። በሚቀጥለው ገለጻ ከእኔ በፊትና ከእኔ በኋላ ከሚናገሩት ጋር ቆሜ እለማመዳለሁ።"

ልብ በሉ፤ ልጁ ማንንም አልወቀሰም፣ ራሱንም አላዋረደም። አንድ ቅጽበት ይዞ እስከ ምክንያቱ ወርዷል። "ብዙ ነገር ተምሬያለሁ፣ የቡድን ሥራ ጠቃሚ ነው" የሚሉ ዓረፍተ ነገሮች የሉበትም፤ እናንተም አውጧቸው።

ከዚህ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ ይህን ልማድ ከአሁኑ ያዙት። በ1992 ዓ.ም. የተመሠረተው የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ የትምህርት ስልቱ ይታወቃል፤ ተማሪዎቹ በቡድን ወደ ኅብረተሰቡ ወጥተው ያጠናሉ፣ ያገኙትንም ያቀርባሉ። እዚያ የሚሰማው የክፍል ጓደኛ ብቻ አይደለም።

ደብተሩን አትጣሉት። አዲስ ቡድን ስትመደቡ፣ ገና ርዕስ ሳትከፋፈሉ፣ እያንዳንዱ ሰው ካለፈው ገለጻ የጻፈውን አንድ ለውጥ ያንብብ። የሌለው ካለ "ባለፈው ምን አስቸገረህ?" ተብሎ ይጠየቅ። ከአምስቱ አንዱን የቡድኑ ደንብ አድርጉት፣ በቻርቱ ጀርባ ላይ ጻፉት፣ ከዚያ ሥራውን ስትከፋፍሉ ከየስሙ ጎን የመቀባበያውን ዓረፍተ ነገር የሚጽፈውን ሰው ስም ጨምሩ።